ማለፊያ ቤት

ኤልዳና ልጇን ኩፍኝ ልታስይዝ በምትወስድበት ቀን ጠዋት ነጭ ቀሚስ አለበሰቻት። ነጭ ይሁን ያለው ማለፊያ ቤቱ ነው፤ ሽፍታው ሲወጣ ፎቶ ላይ የሚያምረው በነጭ ነው የሚል መልእክት ልከውላታል። ስድስት ዓመት የሞላት ሲፈን ቀሚሱን ወደደችው። መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብላ ራሷን አየችና፣

“እማዬ፣ ዛሬ ነው የማልፈው?” አለች።

“ዛሬ ትጀምሪያለሽ” አለቻት ኤልዳና ጸጉሯን እያሰረችላት።

አዳማ ውስጥ ለልጅ እንዲህ ማለት ከተለመደ ቆይቷል። የትምህርት ቤት ክትባት በወላጅ ምርጫ ይሁን ሲባል መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ተዉት። ቀጥሎ የተዉት ሰዎች ልጆቻቸውን ለብቻ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ ውድ ነበርና ጥሩ ነው ተባለ፤ ጥሩ ነው ሲባል ደግሞ ሁሉም ልጁን እዚያ ማስገባት ፈለገ። ይህ የሆነው ኤልዳና ልጅ ሳለች ነው። አሁን ስም ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ አንደኛ ክፍል የሚቀበለው ያለፈ ልጅ ብቻ ነው። ያለፈ ማለት ኩፍኝ ታሞ የዳነ ማለት ነው። ክትባት የወሰደ ልጅ ደግሞ “የተወጋ” ይባላል፤ ቃሉ ሲነገር ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ድሮ ስለ ቅማል ሲወራ እንደሚደረገው። ለሞተ ሰው “አለፈ” ማለት ግራ ስለሚያጋባ ቀርቷል። ታሞ ላልተነሳ ልጅ የሚባለው “አልሆነለትም” ነው። እንዲህ ያለው ለቅሶ አጭር ነው፤ የክፍል ጓደኞቹም አይመጡም።

በየክፍሉ የፊተኛው ረድፍ ከበሽታው በኋላ ጆሯቸው ለከበደ ልጆች ይተዋል። የፊት ወንበር ልጆች ይሏቸዋል። መምህራኑ ጮክ ብለው ያስተምራሉ፤ ለምን እንደሚጮኹ የሚጠይቅ ወላጅ የለም።

የኤልዳና ባል ናኦል ከመጀመሪያዎቹ ያለፉ ልጆች አንዱ ነበር። ግራ ጆሮው አይሰማም። ሰው ሲያነጋግረው ፊቱን ዞር አድርጎ ቀኙን ይሰጣል። ወሬው ሲነሳ “ይኸው አለሁ አይደል” ይላል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል። ኤልዳና ግን የተወጋች ናት። እናቷ የሰፈሩን ወሬ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ወስደው አስከትበዋታል። ይህን ናኦል ያውቃል፤ የናኦል እናት አያውቁም። ኤልዳና ስለ ጉዳዩ ጠልቃ አስባ ታውቃለች ማለት አይቻልም። በከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች፣ ማታ ደክሟት ትገባለች፣ ልጇ ጥሩ ትምህርት ቤት እንድትገባ ትፈልጋለች። ሌላዋ እናት የምታደርገውን ልታደርግ ተነሳች።

ማለፊያ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሹፌር የሌለው መኪናቸው በሩ ላይ አውርዷቸው ጥላ ፍለጋ ራሱ ሄደ። መግቢያው ላይ የጽጌረዳ ሽቶ ከግድግዳው ይረጫል። ሽቶው ለምን እንዳስፈለገ ኤልዳና የገባት ኮሪደሩን አልፋ ስትገባ ነው፤ ከሥሩ ሌላ ሽታ አለ። የኮመጠጠ ወተት፣ ላብ የጠጣ አንሶላ፣ ታጥቦ ያልደረቀ ምንጣፍ። እናቶች የልጆቻቸው ሽፍታ ወጥቶ እስኪከስም ድረስ እዚያው ይከርማሉ። ለእነሱ ማሳጅ አለ፣ ጥፍር ቀለም የምትቀባ ልጅ አለች፣ ትኩሳት ላይ ያለን ልጅ አሳምሮ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ አለ።

ጎረቤቷ ሶልያና ልጇን ኬብሮንን ይዛ ቀድማ ደርሳለች። የማንጎ ጁስ እየጠጣች ነበር።

“ፈርተሻል አይደል?” አለቻት። “ምንም የለውም እኮ። የእህቴን ልጅ ያቃዠው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። አሁን ስታዪው ሌላ ልጅ ነው የሚመስልሽ።”

የቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ማኅደር መጡ። ከሐምሳ የዘለሉ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው፣ የሕፃናቱን አገጭ እየነኩ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ጓንት ያደርጉ ነበር። “ኑ እንግዲህ፣ የኔ አበቦች” ብለው ሁሉንም ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቡ።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። መሐሉ ላይ ከፍ ያለ ወንበር ቆሟል፤ ወንበሩ ላይ አንዲት ልጅ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ የወረቀት አክሊል ደፍታ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ከሲፈን በዓመት ቢበልጥ ነው፤ ክንዶቿ ግን ከሲፈን ይቀጥናሉ። ሽፍታው ተያይዞ ፊቷን አንድ ወጥ ቀይ አድርጎታል። ዓይኖቿ በአይናር ተጣብቀዋል። ንፍጧ ከላይኛው ከንፈሯ ላይ ደርቋል፤ በደረቀው ላይ አዲስ ይወርዳል፣ የሚጠርግላት ግን የለም።

“ይህች ሰጪያችን ናት” አሉ ወይዘሮ ማኅደር። ስሟን አልተናገሩም።

ኤልዳና ዝም እንዳትል ብቻ “እናንተ አትፈሩም?” ብላ ጠየቀቻቸው።

“እኛማ ሠራተኞቹ በሙሉ ተወግተናል የኔ እመቤት። ሳንወጋ እንዴት ብለን እንሠራለን?” አሉ። እንደ ቀልድ አልነበረም፤ ስለ ሥራ ልብስ እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገሩት። ከእናቶቹ አንዷም ቀና አላለችም።

ልጆቹ ተሰለፉ። ማር የሞላበት ማንኪያ ወደ ሰጪዋ አፍ ይገባል፣ ይወጣል፣ ወደ ባለተራው ልጅ አፍ ይገባል፤ እንደገና ማር ይጨመርበትና ወደ ሰጪዋ ይመለሳል። እናቶቹ ይቀርጻሉ። ሰጪዋ መሐል መሐል ላይ ስትስል አጠገቧ የቆመች ሞግዚት ትከሻዋን ይዛ ፊቷን ወደ ልጆቹ ታዞራለች፤ ሳሉ እንዳይባክን። መጀመሪያ ላይ ማሩ ወርቅ የመሰለ ነበር። የሲፈን ተራ ሲደርስ ነጣ ብሎ ክር እየሠራ ነው።

“እማዬ፣ ንፍጥ አለው” አለች ሲፈን።

እናቶቹ ሳቁ። ኤልዳናም አብራ ፈገግ አለች። “ማር ነው፤ ዋጪው” አለቻት። ሲፈን ዓይኗን ጨፍና ዋጠች።

ያኔ ሰጪዋ አፏን ከፈተች። “ውሃ” አለች፤ ለማን እንደምትናገር አታይም። ሲፈን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ጠርሙስ አውልቃ እጇ ላይ አስያዘቻት። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ ትንፋሽ ሳትወስድ ጠጣች፤ መሐል ላይ ሳሉ መጣባትና ጠርሙሱ ውስጥ ሳለችበት። ከከንፈሯ ስታላቅቀው ወፍራም ክር ከአፏ እስከ ጠርሙሱ አፍ ተዘረጋ። ከተሰነጠቀው ከንፈሯ የመጣ ደምም ነበረበት።

“የኔ ጎበዝ” አሉ ወይዘሮ ማኅደር ለሲፈን። “በይ አሁን አንቺም ከሱ ጠጪ። ከማንኪያው ይልቅ ይኼ ይሻልሻል።”

ስልኮቹ ሁሉ ወደ ሲፈን ዞሩ። ሲፈን ጠርሙሱን አነሳች፤ እናቷን እያየች ወደ አፏ አስጠጋችው። ታዛዥ ልጅ ናት።

ኤልዳና ጠርሙሱን ከእጇ ነጠቀቻት። ልጇን በክንዷ ይዛ እየጎተተች መጸዳጃ ቤቱን አገኘች፤ እዚያም ተንበርክካ ቁርሷን በሙሉ አስመለሰች። ቁርሱ ሲያልቅ ቢጫ ውሃ ወጣ። ሲፈን ከጀርባዋ ቆማ “እማዬ፣ አንቺም እያለፍሽ ነው?” ብላ ጠየቀቻት።

ስትወጣ ወይዘሮ ማኅደር ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ይዘው ቆመው ነበር። ፎጣው ሞቅ ያለና ጽጌረዳ የሚሸት ነው።

“የማን ልጅ ናት?” አለቻቸው ኤልዳና።

“ማን?”

“አክሊል ያደረገችው።”

“ሰጪ ናት እኮ።”

“ከዚህ በፊትም ሰጥታለች?”

“ኩፍኝ ሁለቴ መች ይይዛል። አንዷ የምትሰጠው አንዴ ነው። በየዙሩ አዲስ እናስመጣለን።” ፎጣውን ዘረጉላት። “ከኮንቴይነር ሰፈር ነው የሚመጡት። እዚያ ያልተነካ፣ ያልታመመም ያልተወጋም ልጅ አይጠፋም። ፊትሽን ጥረጊና ግቢ፤ አሁን ከወጣሽ ማለፊያው አይቆጠርላትም።”

ኤልዳና ፎጣውን አልተቀበለችም። መኪናውን ጠራችው።

መንገድ ላይ የሲፈንን አፍ በሶፍት ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች፤ ልጅቷ “አመመኝ” እስክትል ድረስ ከንፈሯን ፈተገቻት። ከዚያ ለምታውቃቸው ክሊኒኮች መደወል ጀመረች። የልጆች የኩፍኝ ክትባት ሲባሉ ሁሉም ለመዝጋት ይቸኩላሉ። አንደኛው ክሊኒክ “እኛ እንዲህ ያለ ነገር አንይዝም” ብሎ ዘጋባት። በመጨረሻ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ድምጿን ቀንሳ “ኮንቴይነር ሰፈር ጤና ኬላ አለ። እዚያ ይገኛል። እኔ ነኝ ያልኩሽ እንዳትዪ” አለቻት።

ናኦል ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር የዚያን ዕለት አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት ኤልዳና ልጇን ይዛ ሄደች።

ኮንቴይነር ሰፈር የድሮ የጭነት ሣጥኖች በላይ በላይ ተደራርበው ሰው የሚኖርባቸው ሰፈር ነው። ፀሐይ ስትበረታ ብረቱ ይግላል፤ ሰዉ ቀኑን የሚያሳልፈው በሣጥኖቹ መሐል ባለው ጥላ ውስጥ ነው። ጤና ኬላው ጥግ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። ሲስተር ዘቢደር፣ ሸበቶ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ወረፋ የለም። ኤልዳና የመጣችበትን ስትነግራት ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ ሲፈንን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

“መቼ ነው የተጋለጠችው?”

“ትናንት ጠዋት። በማንኪያ ነው ያጎረሷት። ከጠርሙሱ ግን አልጠጣችም፣ አስጣልኳት።”

“ማንኪያው ለትርኢት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መተንፈስ ይበቃል።” ተነስታ እጇን ታጠበች። “ሦስት ቀን ሳይሞላት ከተከተበች ክትባቱ በሽታውን ሊቀድመው ይችላል። ይችላል ነው ያልኩሽ፤ በእርግጠኝነት አልነግርሽም።”

ማቀዝቀዣውን ስትከፍተው ኤልዳና ብልቃጦቹን አየች። እስከ አፉ ሞልቷል።

“ሲስተር፣ ጉዳት የለውም?” አለች። ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ ራሷን አሳፈራት፤ ትናንት ማሩን “ዋጪው” ስትል ይህን ማንንም አልጠየቀችም።

ሲስተር ዘቢደር ግን እንደ ማንኛውም ጥያቄ መለሰችላት። “ክንዷን ያማታል። ሳምንት ቆይቶ ትንሽ ያተኩሳት ይሆናል፤ ጥቂት ሽፍታም ሊወጣባት ይችላል፣ ይጠፋል። በጣም ጥቂት ልጆች ላይ ከባድ አለርጂ ይነሳል። ለዚህ ነው ከተወጋች በኋላ እፊቴ የምትቆዩት፤ መድኃኒቱም ይኸው እዚህ አለ። ሌላ የምትፈሪው ነገር ካለ ጠይቂኝ።”

“ሰዎች ግን... አያስፈልግም ነው የሚሉት። ድሮ በሽታው ስላልነበረ።”

“ድሮ ያልነበረው በዚህ ምክንያት ነዋ” አለች ሲስተር፤ ብልቃጡን አሳየቻት። የሲፈንን ክንድ በቀዝቃዛ ጥጥ ጠርጋ ወጋቻት። ሲፈን ፊቷን አኮማተረችና “ይኼ ማር የለውም?” ብላ ጠየቀች።

አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ኤልዳና ሰው ለምን እንደማይመጣ ጠየቀች። ሲስተር ምስሯን መልቀም ቀጥላ ነበር። “ደላላ አለ። ሙሉሰው ይሉታል። ልጅ ሲወለድ ‘አታስነኪው’ ብሎ ለእናትየው ይነግራታል። በየበዓሉ ዘይትና ዱቄት ያመጣል። የተወጋ ልጅ ሰጪ መሆን አይችልማ። እኔ በነፃ ልስጥ ብል ማን ይመጣል?”

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ አንዲት ወጣት ሴት ልጅ አዝላ በሩጫ ገባች። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ አልጋው ላይ ስታስተኛት ሲፈን ብድግ አለች። “እማዬ፣ ውሃ የጠጣችው ልጅ ናት” አለች።

አክሊሉ የለም። ያ ነጭ ቀሚስ አሁንም አለ፤ ደረቱ ላይ ማርና ንፍጥ ደርቆበት እንደ ካርቶን ጠጥሯል። ልጅቷ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ መሐል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር።

“ሌሊቱን አመጡና በር ላይ አስቀምጠዋት ሄዱ” አለች እናቷ። ለሊሴ ትባላለች፤ የልጅቷ ስም ቢፍቱ ነው። “ይሻላታል አሉኝ። ስላለፈች ከእንግዲህ ትጠነክራለች አሉኝ።”

ሲስተር ዘቢደር ደረቷን አዳምጣ ኦክስጅን አደረገችላት፣ ቪታሚን ኤ አፏ ውስጥ ጠብ አደረገችላት። “ሳንባዋ ነው። ሆስፒታል ትግባ፤ አሁኑኑ” አለች። አምቡላንስ እዚያ ሰፈር ድረስ እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል። ኤልዳና “መኪና አለኝ” አለች።

መኪናው ውስጥ ለሊሴ ልጇን አቅፋ ለኤልዳና ሳይሆን ለመስኮቱ ተናገረች። “በገዛ እጄ ነው የሰጠኋት። ቀድሞ ከታመመ ልጅ ጎን ወስደው አስተኟት፤ ሲያተኩሳት ‘ጥሩ ነው’ ተባልኩ። ትምህርት ቤት ትገባለች ብሎኝ ነበር። ያለፈች ስለምትሆን፣ የሀብታሞቹ ትምህርት ቤት አይመልሳትም አለኝ።” ቆይታ ደግሞ ጠየቀቻት። “ያንቺስ ልጅ እዚያ ነበረች?”

“ነበረች” አለች ኤልዳና።

ለሊሴ ዞር ብላ አላየቻትም። ኤልዳና ያን ጊዜ ደስ ያላት አለመታየቷ ነው።

ናኦል በማግስቱ ማታ ገባ። ሲፈን ሮጣ አቀፈችው፤ ሲያነሳት ክንዷ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስተር አየ። መልሶ ወለሉ ላይ አቆማት፤ ቀስ ብሎ፣ የሚፈስ ነገር እንደያዘ ሰው።

“ምንድነው ይኼ?”

“አስከተብኳት።”

“ከማለፊያ ቤት አውጥተሽ?”

“አዎ።”

“ትምህርት ቤቱስ? እናቴን ምን ልበላት? በቃ የተወጋች ልጅ አደረግሻት ማለት ነው።”

“እኔም የተወጋሁ ነኝ ናኦል። አሥር ዓመት አብረኸኝ ተኝተሃል።”

“አንቺ ሌላ ነሽ።”

“በምኑ ነው ሌላ የምሆነው?”

ሶፋው ላይ ተቀመጠና ሲፈን የነካችውን እጁን ሳያውቀው ሱሪው ላይ አሸ። ኤልዳና አየችው። በግራው በኩል ጠጋ ብላ፣ በማይሰማበት ጆሮው፣ “ይህን ጆሮህን የበላው ኩፍኙ ነው፤ ልጄንም ልትሰጠው ነበር” አለችው።

“ምን አልሽ?” አለ ቀኙን እያዞረ።

“ምንም አላልኩም።”

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ሆስፒታል ትሄድ ጀመር። ለሊሴ ባትጠራትም አልመለሰቻትም። ቢፍቱ አንዳንዴ ትነቃለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን መብራት ሲበራ አትዞርም። ሐኪሙ ዓይኗ ከዚህ በኋላ እንደማያይ ሲናገር ለሊሴ “ብቻ ትተንፍስልኝ” አለች። ሲፈንን ከሳምንት በኋላ ትንሽ አተኮሳት፤ ደረቷ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ወጥቶ ጠፋ። ሲስተር ዘቢደር ከክትባቱ ነው ብላ አረጋጋቻት። ኩፍኙ አልያዛትም። ትምህርት ቤቱ ቦታዋን ለሌላ ሰጠ፤ የናኦል እናት ለእሑድ ምሳ ሲመጡ ልጅቷን በመሳም ፈንታ ከሩቅ እጃቸውን አወዛወዙላት።

አንድ ቀን ኤልዳና የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ሳለ ሶልያና ደወለችላት። ድምጿ የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር። “ኬብሮንን ትኩሳቱ ጀመረው። ዓይኑ ቀላ። ዛሬ ፎቶ አንሺው መጣ። አንቺ ግን ምነው ጥለሽን ሄድሽ?”

“ሰጪዋ ልትሞት ነው ሶልያና። ከበሩ ማዶ ነች፣ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ዓይኗም ጠፍቷል። ልጅሽን ይዘሽ ወደ ሐኪም ሂጂ።”

“ወይ የኔ እናት” አለች ሶልያና። “ግን እነሱ እኮ ምግብም የላቸው። የኛ ልጆች ይለያሉ።” ከጀርባዋ ለእናቶቹ እራት መድረሱን የሚናገር ሰው ይሰማ ነበር።

ኤልዳና ስልኩን ዘጋች። አፏ በምራቅ ተሞላ፤ ወጥታ የሆስፒታሉ ግቢ አበባ ሥር ተፋችው።

ቢፍቱ በማግስቱ ረፋዱ ላይ እናቷ ፊቷን እያጠበችላት ሞተች።

የለቅሶው ድንኳን ሁለት ኮንቴይነሮች መሐል በተወጠረ ሸራ የተሠራ ነው። ከቀብር በኋላ ባለው ቀን ኤልዳና ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ሲስተር ዘቢደርም መጥታ ጥግ ይዛለች። ለሊሴ ቢፍቱ ስትታመም ዘመድ ቤት የከረመውን የሁለት ዓመት ልጇን ኪያን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ሰው ብዙ አያወራም። ነፋሱ ሸራውን ያራግበዋል፣ አቧራው ይገባል፣ አንዷ ትነሳና ውሃ ትረጫለች።

ደላላው ሙሉሰው ከሰዓት በኋላ መጣ። ጥቁር ኮት ለብሷል። ከኋላው ያለ ሰው ዘይትና ዱቄት ተሸክሟል፤ እሱ ራሱ ደግሞ አንድ ካርቶን በሁለት እጁ ይዟል። ካርቶኑን ለሊሴ እግር ሥር አስቀምጦ ክዳኑን ከፈተው። ነጭ ኬክ ነው፤ በላዩ ላይ ቀያይ የስኳር ነጠብጣቦች ተረጭተውበታል።

“ማለፊያ ቤቱ በየዙሩ ላለፈ ልጅ ሁሉ ኬክ ይልካል” አለ፤ ትንሽ ያፈረ ይመስላል። “የሷም ስለተሠራ አይባክን ብዬ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ።”

ኬኩ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች በሙቀቱ እየቀለጡ ወደ ጎን ይወርዱ ጀመር፤ ዝንቦች መጡ።

ሙሉሰው ጎንበስ ብሎ የኪያን ራስ ዳሰሰ። ጸጉሩን ዳሰሰ፣ ጉንጩን ዳሰሰ፣ አውራ ጣቱን ወደ አንገቱ ሥር አውርዶ እብጠት እንዳለው እንደሚፈትሽ ሰው ጫን አደረገ። “አድጓል” አለ። “ያልተነካ ነው አይደል? ዛሬ ማውራት አያስፈልገንም። ሐዘንሽን ስትጨርሺ ነው።”

ለሊሴ የልጁን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው። ክንዱ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፎበታል።

“ተወግቷል” አለች።

“መቼ?”

“ትናንት። ከቀብር መልስ።”

ሙሉሰው እጁን ከልጁ አነሳ። መሐረቡን አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ፤ መሐረቡን ወደ ኪሱ አልመለሰውም፣ መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ ቀና ብሎ ድንኳኑን ቃኘ፤ ዘይትና ዱቄቱን የያዘው ሰው እንዲያነሳ በዓይኑ አመለከተው። “ያልተነካ ልጅ ያላት እናት ካለች ውጭ ነኝ” አለ፤ ድምፁ ካጽናናበት ድምፅ አልተለየም።

ሴቶቹ አቀረቀሩ። ኤልዳና አንዷም አትነሳም ብላ አምና ነበር። ከኋላ ግን አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያዘለችውን ልጅ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ ወጣች።

ኤልዳና ተከትላት ወጣች። ጥላው ጫፍ ላይ ደረሰችባትና ክንዷን ያዘቻት። ሙሉሰው ወደ መኪናው እየሄደ ነበር፤ ገና አላያቸውም።

“አትሂጂ” አለቻት። “አየሽው አይደል ያደረገውን። ሲስተር እዚህ አለች፤ አሁን አብረን እንሂድና ልጅሽን እናስከትበው። እኔም ልጄን አስከትቤያለሁ።”

ሴትየዋ የኤልዳናን ጫማ አየች፣ ቦርሳዋን አየች። ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም።

“ዘይትና ዱቄቱን አንቺ ታመጪያለሽ?” አለቻት።

ኤልዳና አፏን ከፈተች። ስለ ሳንባ፣ ስለ ዓይን፣ ሲስተር ስለነገረቻት ነገር ሁሉ ልትናገር ነበር። ልጁ በእናቱ ትከሻ በላይ ያያታል፤ ጤነኛ ነው፣ ጣቱን ይጠባል።

“አመጣለሁ” አለች።

“በየበዓሉ?”

“በየበዓሉ።”

ይህን ስትል ድምጿ ጆሮዋ ላይ የደላላውን ድምፅ መሰላት፤ ያው ልስላሴ፣ ያው ትዕግሥት። የሴትየዋን ክንድ ግን አልለቀቀችም። ሴትየዋ ወደ መኪናው አንዴ አይታ፣ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ፊቷ አዞረችውና ወደ ጤና ኬላው መራመድ ጀመረች።